ካዎ ጦና ጋጋ፤ የብረት ገንዘብና የእርሳስ ጥይት

ከሶዶ ከተማ በላይ ከተዘረጋው ከዳሞታ ተራራ አጠገብ፥ ዳልቦ በተባለው ስፍራ፥ የመጨረሻው የወላይታ ንጉሥ የካዎ ጦና ጋጋ ቤተ መንግሥት ነበረ። ስለ እኒህ ንጉሥ በተነገረ ቁጥር የሚወሳው ጀግንነታቸው ነው፤ ተገቢም ነው። ይሁን እንጂ ይህ መጽሔት ኑሯቸውን በመሣሪያና በአሠራሩ ላይ ለመሠረቱ ሰዎች የሚዘጋጅ በመሆኑ፥ ንጉሡን በእጃቸው ከነበረውና ካልነበረው ነገር አንጻር መመልከት ይገባናል።

ካዎ ጦና በነገሡበት ዘመን፥ ይኸውም በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ገደማ፥ የወላይታ ገበያ የሚገበያየው ማርጩዋ በተባለው የብረት ዘንግ ነበር። ዛሬ በዚያው በሶዶ ገበያ በቴሌብር ሒሳቡን የሚዘጋ ነጋዴ ይህን ገንዘብ ቢያይ ይስቅ ይሆናል። ነገር ግን ማርጩዋ የማንንም ንጉሥ መልክ ሳይሸከም በራሱ ዋጋ የቆመ ገንዘብ ነው፤ ቀጥቃጩ በእሳት ቢያገባው ማረሻም ጦርም ይወጣዋል። የሚያስገርመው፥ ገንዘቡንም ጦሩንም የሚሠሩት ቀጥቃጮች በኅብረተሰቡ ዘንድ የተናቁ መሆናቸው ነው። የማርጩዋ ትልቁ ጉድለት ግን ከአካባቢው አለመውጣቱ ነበር። በባሕር ጠረፍ ያለ የጠመንጃ ነጋዴ የሚሻው የማሪያ ቴሬዛን ብር፥ የዝሆን ጥርስን፥ ዝባድንና ቡናን እንጂ የብረት ዘንግን አልነበረም።

የአገሪቱ መከላከያ ከቀደሙት ነገሥታት የተወረሰ ነበር። በካዎ አማዶ ስም የሚጠራው ካብ፥ እንዲሁም በየወሰኑ የተቆፈሩት ጥልቅ ጉድጓዶች ፈረሰኛን ያቆማሉ፤ ጦረኛውንም ወደ ጠባብ በር ይነዳሉ። ከጦርና ከጋሻ ጋር ለሚመጣ ጠላት ይህ ብርቱ ምሽግ ነው። ከሸዋ የተላኩ ጦሮች በተደጋጋሚ ሞክረው የተመለሱት ያለ ምክንያት አይደለም።

ከኋላ የሚጎርሱት ሬሚንግተንና ውጅግራ በብዛት ሲመጡ ግን ስሌቱ ተለወጠ። ባለ ጠመንጃው ጉድጓዱን ሳይሻገር ከማዶ ሆኖ ይገድላል፤ ተኝቶም ያጎርሳል፤ ባለ ጦሩ ግን እስኪቀርበው ድረስ ባዶ ሜዳ ማቋረጥ አለበት። የወላይታ ቀጥቃጭ ምንም ቢራቀቅ የናስ ቀለህና ባሩድ ከምድጃው ሊያወጣ አይችልም። ጠመንጃ ማለት ብረቱ ብቻ ሳይሆን እስከ ወደብ የሚደርሰው መንገድ ጭምር ነው። ያንን መንገድ ደግሞ ዐፄ ምኒልክ በ1879 ዓ.ም. ሐረርን ሲይዙ አግኝተውታል። የጅማው አባ ጅፋርም አስቀድመው ገብረው ስለ ነበር ወላይታ በዙሪያዋ ተከበበች። እንደ እኔ ግምት ካዎ ጦና የተሸነፉት በጦር ሜዳ ብቻ ሳይሆን፥ ከዚያ በፊት በንግድ መንገድ ላይ ነው።

በኅዳር 1887 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ዘመቱ፤ ራስ ሚካኤልና አባ ጅፋርም አብረው ነበሩ። ዘመቻውን በዓይኑ ያየው ፈረንሳዊው ቫንደርሃይም የጻፈው ለማንበብ የሚከብድ ነው፤ እልቂቱ፥ የተነዳው ከብት፥ በምርኮ የተከፋፈለው ሰው ሁሉ በመጽሐፉ ሰፍሯል። ካዎ ጦና እስከ መጨረሻው ተዋግተው በታኅሣሥ ቆስለው ተያዙ፤ ወደ አዲስ አበባም ተወሰዱ። የወላይታ ነገሥታት ዘመን በእሳቸው ተፈጸመ።

በዚያው በ1887 ዓ.ም. የዐፄ ምኒልክ መልክ የታተመበት ብር በፓሪስ ተቀርጾ ነበር። ገበያው ግን ለአሸናፊውም ገንዘብ በቀላሉ አልታዘዘም፤ በየአገሩ ያለው ነጋዴ የማሪያ ቴሬዛን ብር እየመረጠ፥ እስከ 1937ቱ የገንዘብ አዋጅ ድረስ ቆየ። ማርጩዋም ከገበያ ወጥቶ ዛሬ በቅርስነት ይታያል።