መደበቅ የሚያውቀው ሐኪም የጎልፍ ተጫዋችን ዓይን ለምን አልሸፈነም?

ኢምፔሪያል እንገናኝ ተባብለን ስንቶቻችን ተፈላልገናል? ስልካችን ካርታ ላይ ነጥቧ ቁልጭ ብላ ትታያለች፤ ሰውየው ግን ከቀለበት መንገዱ ወዲህ ይቁም ወዲያ ማዶ አይታወቅም። ይቺን ብስጭት ከመቶ ዓመት በፊት ጎልፍ ሜዳ ላይ አይቶ ደንብ ያወጣላት ሰው ነበር፦ ዶክተር አሊስተር ማኬንዚ።

ማኬንዚ በ1870 እ.ኤ.አ. (ሌሎቹም ዓመታት እንደዚሁ ናቸው) እንግሊዝ አገር ዮርክሻየር ውስጥ ተወለደ። ካምብሪጅ ተምሮ ሐኪም ሆነና ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ቦር ጦርነት፣ ደቡብ አፍሪካ ዘመተ። እዚያ ቀልቡን የሳበው ግን ሌላ ነገር ነው። የቦር ገበሬዎች ምሽጋቸውን ከመሬቱ ጋር ስለሚያመሳስሉ እንግሊዞቹ ጥይቱ ከየት እንደሚመጣ እንኳ አያዩም ነበር። ማኬንዚ ይህን ልብ አለ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነትም ለአገሩ ጦር ምሽግ መሰወርን አስተማረ።

በመሀል ሕክምናውን ትቶ ጎልፍ ሜዳ ነዳፊ ሆኗል። ራሱ ሲጫወት ግን ይህን ያህልም አልነበረም!

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው። መደበቅ የሚያውቅ ሰው ሁሉንም ይደብቃል ብለን እንጠብቃለን አይደል? በ1920 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ተቃራኒውን ጻፈ። የመጀመሪያው ረጅም ምት ወዴት እንደሚያርፍ ባይታይ ይቅር ይባላል። ባሕር ዳር ባለ ሜዳም የአሸዋ ጉብታዎቹ ቦታውን ስለሚጠቁሙ ችግር የለውም። ኳሷን ወደ ጉድጓዱ የሚያስጠጋው ምት ግን በጭፍን መመታት የለበትም። ለምን? ጎበዙም ሰነፉም በዕድል እኩል ይሆናላ!

ከሁሉ የከፋው ደግሞ ባንዲራው እየታየ፣ ጉድጓዱ ያለበት የተከረከመ ሳር ግሪኑ ሲደበቅ ነው። ባንዲራው ፊት ይሁን፣ መሀል ይሁን፣ ኋላ በምን ይታወቃል? የእኛው ኢምፔሪያል ማለት ነው።

የመሰወር ጥበቡን የተጠቀመበት ሌላ ቦታ ነው። በሰው እጅ የተሠሩትን ጉብታዎችና የአሸዋ ጉድጓዶች ተፈጥሮ ያስቀመጣቸው አስመሰላቸው። ሜዳው ሲያዩት የሚያስፈራ፣ ሲጫወቱት ግን እንደፈሩት ያልሆነ እንዲሆን ይፈልግ ነበር።

በ1926 አውስትራሊያ ሄዶ ሮያል ሜልበርንን ነደፈ። በ1928 ካሊፎርኒያ ላይ የሠራው ሳይፕረስ ፖይንት ተከፈተ። በዓመቱ የዘመኑ ኮከብ ቦቢ ጆንስ እዚያ ተጫውቶ ወደደው፤ ጆርጂያ ውስጥ ለሚያስበው ሜዳም ማኬንዚን መረጠ። ያ ሜዳ ኦገስታ ናሽናል ነው፤ አዎ፣ በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ በቲቪ የምናየው የማስተርስ ሜዳ።

ጊዜው ግን የኢኮኖሚ ቀውስ ነበር። ክለቡ ገንዘብ አጠረው፤ የማኬንዚ ክፍያ ተቀንሶ፣ የተቀነሰውም ሙሉው ሳይደርሰው ቀረ። ጥር 6 ቀን 1934 ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ክሩዝ ውስጥ አረፈ። የመጀመሪያው ውድድር የተካሄደው በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ነው። ማኬንዚ ኦገስታን ለመጨረሻ ጊዜ የጎበኘው በ1932 ሲሆን፣ ያኔ ሜዳው ገና ሳር አልለበሰም ነበር።