ታጋዩ ጎላም ሬዛ ታኽቲ

ስለዚህ ኢራናዊ ታጋይ ለመጻፍ የተነሣሁት በገዛ ሥራዬ ስላፈርሁ ነው። ባለፈው ዓመት በሜዳ ላይ ትግል ስንጋጠም የባላጋራዬ ግራ እጅ ታሞ እንደ ነበር ዐውቅ ነበር። ዐውቄም በዚያው እጁ ጠምዝዤ ጣልሁት። ጓደኞቼ አጨበጨቡልኝ፤ እርሱ ግን እጁን ይዞ ወጣ። የታኽቲን ታሪክ ያነበብሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

ታኽቲ በ1930 ዓ.ም. (ዓመታቱ ኹሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በቴህራን ደቡብ፥ ኻኒ አባድ በሚባል የድኾች ሠፈር ተወለደ። ቤተ ሰቡ ችግረኛ ስለ ነበረ ትምህርቱን ሳይጨርስ ሥራ ገባ፤ የነዳጅ ዘይት በሚወጣበት በመስጅድ ሱለይማንም የጉልበት ሠራተኛ ኾኖ ነበር። በኢራን ትግል የጥንት ጨዋታ ነው። የጉልበት ቤት የሚሉት አዳራሽ አለ፤ እዚያ ወጣቶች በከበሮ ምት እየተመሩ ሰውነታቸውን ያጠነክራሉ፤ ጉልበተኛ ኹሉ ግን ጀግና አይባልም፤ ጨዋነትም ይፈለግበታል።

ታኽቲ በዓለም የታወቀው በነፃ ትግል ነው። በዚህ ትግል የባላጋራን እግር መያዝ ይፈቀዳል፤ የባላጋራውን ኹለት ትከሻዎች ከምንጣፉ ጋራ ያጣበቀ ወዲያው ያሸንፋል። በ1951 በሄልሲንኪ የዓለም ውድድር፥ በ1952ም በዚያችው ከተማ ኦሊምፒክ ኹለተኛ ወጣ። በ1956 በሜልበርን፥ አገራችንም ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት ኦሊምፒክ፥ በ87 ኪሎ ክብደት ወርቁን አገኘ። በ1959 በገዛ ከተማው በቴህራን፥ በ1961 ደግሞ በዮኮሃማ የዓለም ሻምፒዮን ኾነ።

በ1960 በሮማ ታጋዮቹ የገጠሙት በጥንቱ በማክሴንትዮስ ባዚሊካ ፍርስራሽ ውስጥ ነው። ታኽቲ በቱርኩ በኢስሜት አትሊ ተሸንፎ የብር ሜዳይ ይዞ ተመለሰ። የእኛው አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶንን የፈጸመበት የቈስጠንጢኖስ ቅስት ከዚያ ፍርስራሽ ጥቂት መንገድ ነው። ይህን በካርታ ባየሁ ጊዜ ደስ አለኝ፤ ለታሪኩ አያስፈልግም ትሉኝ ይኾናል።

እኔን የነካኝ ከሶቪዬቱ ከአሌክሳንደር ሜድቬድ ጋራ ስላደረገው ግጥሚያ የሚተረከው ነው። የሜድቬድ ቀኝ ጉልበት መጐዳቱን ታኽቲ ዐውቆ፥ እስከ መጨረሻው ያንን እግር ሳይነካ ታገለ ይባላል። በ1962 በአሜሪካ በቶሌዶ ሜድቬድ አንደኛ፥ ታኽቲ ኹለተኛ ወጡ።

በዚያው ዓመት በቡዪን ዛህራ የመሬት መንቀጥቀጥ ከዐሥር ሺህ በላይ ሰው ሞተ። ታኽቲ በቴህራን ጐዳና እየዞረ ርዳታ ለመነ፤ ሕዝቡም ገንዘብና ልብስ አምጥቶ ሰጠው። ከሥልጣን የወረዱትን የሞሳዴቅን ወገን ይደግፍ ስለ ነበረ ግን በመንግሥቱ ዘንድ አይወደድም ነበር። በ1964 በቶኪዮ አራተኛ ወጣ፤ ጉልበቱም እያለቀ ነበር።

ጥር 7 ቀን 1968 በ37 ዓመቱ በቴህራን ሆቴል ክፍል ውስጥ ሞቶ ተገኘ፤ ልጁ ገና ጡት አልጣለም ነበር። መንግሥቱ ራሱን ገደለ አለ፤ ብዙ ሰው ግን አላመነም። ሬሳው በሬይ በኢብን ባባዌ መቃብር ዐረፈ።

ያን ጓደኛዬን ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ እርሱም ይቅር ብሎኛል። ዘንድሮ እንደ ገና እንጋጠም ብዬ ብለምነው ግን እስካሁን እሺ አላለኝም።