ያልተለወጡ አራት አውታሮች
የጄምስ ጀመርሰን ሕይወትና ቤዝ ጊታሩ

በ1960ዎቹ ዓመታት (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ከዲትሮይት ከተማ እየታተሙ ዓለምን የዞሩትን የሞታውን ሸክላዎች ያዳመጠ ሰው ሁሉ ጄምስ ጀመርሰንን አድምጦታል፤ ስሙን የሚያውቅ ግን እምብዛም አልነበረም። የሸክላው ልባስ የድምፃዊውን ፎቶግራፍና የድርጅቱን ምልክት ይዞ ሲወጣ፣ ከሥር ሆኖ ዜማውን የሚሸከመው የቤዝ ጊታር ተጫዋች የትም ቦታ አይጻፍም ነበር። የዚህን ሙዚቀኛ ሕይወት በሚገባ ለመረዳት የሚሻ ሁሉ ከመሣሪያው፣ ከመሣሪያውም ይልቅ በላዩ ላይ ከተወጠሩት አራት አውታሮች ቢነሣ አይሳሳትም። በዝናው ዘመን ድምፁን ከሌላው ሁሉ የለዩለት፣ በውድቀቱም ዘመን እንጀራውን ካጠበቡበት ምክንያቶች አንዱ የሆኑት እነርሱ ነበሩና።

ጀመርሰን የተወለደው ጥር 29 ቀን 1936 በሳውዝ ካሮላይና ጠረፍ በምትገኘው በኤዲስቶ ደሴት ነው። ስለ ልጅነቱ ከሚተረኩት መካከል አንዱ ታሪክ ለሙዚቀኛ ጆሮ የሚጥም ነው። በአንድ እንጨት ላይ ላስቲክ ይወጥርና የእንጨቱን ጫፍ በጉንዳን ኩይሳ ላይ ተክሎ ላስቲኩን እየነዘረ ጉንዳኖቹን ያስጨፍራል ይባላል። ታሪኩ ከቤተሰቡ የወረደ ስለሆነ ጥቂት ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የአንድ ወፍራም አውታር ንዝረት መሬትን እንደሚነካ ገና በሕፃንነቱ የተረዳ ልጅ እንደ ነበር ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም። በ1954 ወደ ሰሜን ተጉዞ የመኪና ፋብሪካዎች መናኸሪያ በነበረችው በዲትሮይት ከእናቱ ጋር መኖር ጀመረ። በኖርዝዌስተርን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለም ቁመቱ ከሰው ቁመት የሚበልጠውን የቆመ ቤዝ አነሣ።

የቆመ ቤዝ ክንድን የሚፈትን መሣሪያ ነው። አውታሮቹ ወፍራሞች ናቸው፤ ከአንገቱ ርቀው ስለሚወጠሩም ተጫዋቹ ድምፁን ለማግኘት እስከ እንጨቱ ድረስ አጥብቆ ሊጫናቸው ይገባል። ጀመርሰን በዲትሮይት የሌሊት ቤቶች ጃዝና ብሉዝ ሲጫወት እጁ የተገራው በዚህ መሣሪያ ሲሆን፣ በኋላ ሌላውን ተጫዋች ሁሉ ያስቸገረው የቤዝ ጊታሩ አወጣጠር ለእሱ እንግዳ ያልሆነበትም ምክንያት ይኸው ነው። በ1959 ቤሪ ጎርዲ ሞታውን የተባለውን የሸክላ ድርጅት ሲመሠርት፣ በዌስት ግራንድ ቡልቫርድ ቁጥር 2648 በነበረው ቤት ውስጥ ከተሰባሰቡት ሙዚቀኞች አንዱ ሆነ። ፈንክ ብራዘርስ በሚል ስም የሚታወቀው ይህ የሙዚቃ ጓድ የሚቀዳበት ክፍል እጅግ ጠባብ ከመሆኑና በሽቦ ከመሞላቱ የተነሣ ሙዚቀኞቹ የእባብ ጉድጓድ ይሉት ነበር።

ኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታርን ሊዮ ፌንደር በ1951 ፕሪሲሽን በሚል ስም ለገበያ ካቀረበው ገና አሥር ዓመት መሙላቱ ነበር። ጀመርሰንም በ1960ዎቹ መባቻ ከቆመው ቤዝ ወደዚህ አዲስ መሣሪያ ተሻገረ። የመጀመሪያውን ፕሪሲሽን ያገኘው ከአንድ የሙያ ባልደረባው ሲሆን ቀለሙ ጥቁር ነበር፤ እሱም ተሰረቀ። በስተኋላ የያዘው የ1962 ሥሪት ነው፤ ሰውነቱ ከመሐል ቢጫ ሆኖ ወደ ዳር እየቀላና እየጠቆረ የሚሄድ፣ የአንገቱ ገጽ ከሮዝውድ እንጨት የተሠራ፣ ድምፅ ማንሻውና ብርኩማው በሚያብረቀርቅ የብረት ክዳን የተሸፈነ ነበር። በአንገቱ ሥር ፈንክ የሚለውን ቃል በሰማያዊ ቀለም ጻፈበት፤ መሣሪያውም ፈንክ ማሽን ተብሎ ቀረ። የዚያን ዘመን ታላላቅ ሸክላዎች አብዛኛዎቹን የሠራው በዚህ በአንዱ ጊታር ነው።

አሁን ወደ አውታሮቹ እንምጣ። የቤዝ ጊታር አውታር መካከሉ የብረት ክር ሆኖ በዙሪያው ሌላ ሽቦ የተጠቀለለበት ነው። የሚጠቀለለው ሽቦ ድቡልቡል ሲሆን የአውታሩ ገጽ እንደ ሞረድ ይሻክራል፤ ድምፁም ብሩህና ጠርዝ ያለው፣ ለረዥም ጊዜ የሚያስተጋባ ይሆናል። ጠፍጣፋ ሽቦ የተጠቀለለበት እንደ ሆነ ግን ገጹ ለስላሳ ነው፤ ጣት ሲንሸራተትበት አይንጫጫም፤ ድምፁም የቆመውን ቤዝ የሚመስል፣ ክብና ጨለም ያለ ነው። ጀመርሰን የመረጠው ይህን ሁለተኛውን፣ ያውም ከወፍራሞቹ ወገን ነበር። ዘሩ ከኢጣልያ የአንጀት ክር ሠሪዎች የሚመዘዘውና በኒው ዮርክ የተቋቋመው የላ ቤላ ቤት የሚያመርተው ስብስብ ሲሆን፣ ቀጭኑ 0.052 ወፍራሙ 0.110 ኢንች ውፍረት ነበራቸው፤ ይህም በሚሊሜትር ከ1.3 እስከ 2.8 ገደማ ነው። እንዲህ ያለው አውታር ወደ ቅኝቱ ለመድረስ ብርቱ ውጥረት ይጠይቃል፤ አንገቱንም ከቀን ወደ ቀን ወደ ፊት ይስባል።

በብርኩማው ክዳን ሥር ደግሞ ከአውታሮቹ ጋር የሚነካካ የስፖንጅ ቁራጭ ነበረ። የእኛ የበገና ደርዳሪ በብርኩማውና በአውታሩ መካከል እንዚራ የምንለውን የቆዳ ቁራጭ የሚያስገባው ድምፁ እንዲነዝርና እንዲያጓራ ነው። የስፖንጁ ሥራ የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አውታሩ ከተመታ በኋላ ድምፁ ሳይንዛዛ ቶሎ እንዲቆም ያደርጋል። ሆኖም ሁለቱም አንድ ነገር ያሳዩናል፤ የአውታር ድምፅ የሚወሰነው በአውታሩ ብቻ ሳይሆን አውታሩ ከሚያርፍበት ቦታ ጭምር ነው።

የጀመርሰንን አያያዝ ከሌሎች ፈጽሞ የለየው ግን አውታሮቹን አለመለወጡ ነው። አንዱ ካልተበጠሰ በቀር አዲስ አይገጥምም ነበር። አዲስ አውታር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከፍተኛ የሆኑትን ረቂቅ ድምፆች አጉልቶ ያሰማል። ከዚያ በኋላ የእጅ ላብና ቅባት በጥቅልሉ ክፍተት ውስጥ እየገባ፣ ብረቱም በንዝረት ብዛት እየደከመ ሲሄድ እነዚያ ረቂቅ ድምፆች ይሞታሉ፤ የሚቀረው የድምፁ ሥር ብቻ ይሆናል። ሌላው ሰው ጉድለት ብሎ የሚጥለውን ይህን ሁኔታ ጀመርሰን እንደ ሀብት አየው፤ የድምፁ ጣዕም ያለው በዚያ በተጠራቀመው እድፍ ውስጥ ነው ብሎ ያምን ነበር። የጊታሩ አንገት ከጊዜ ብዛት ሳይጎብጥ እንዳልቀረ፣ አውታሮቹም ከፍሬቱ እጅግ ርቀው ስለ ነበር ሌላ ሰው ሊጫወትበት እንደማይችል የሞከሩት ይናገሩ ነበር። እሱ ግን ችግሩ ድምፁን ያሳምረዋል ባይ ነበር።

ይህን አያያዝ ለተማሪ ሁሉ ማስተማር ግን ስሕተት ይሆናል። በድቡልቡል ሽቦ የተጠቀለለ አውታር የሚጠቀም ሙዚቀኛ ከጨዋታ በኋላ በደረቅ ጨርቅ ሊወለውለው፣ ድምፁ ሲደነዝዝም ሊለውጠው ይገባዋል፤ አዲስ ለመግዛት አቅም ያጠራቸው ብዙዎች አውልቀው በፈላ ውኃ እየቀቀሉ ለጥቂት ቀናት ያነቁታል። የአንገቱም ነገር ቸል የሚባል አይደለም፤ በውስጡ የሚያልፈው ብረት የተሠራው የአውታሩን ስበት እንዲቋቋም ነውና አንገቱ ሲጎብጥ በልክ ማጥበቅ ይበጃል። ጀመርሰን ይህን ሁሉ ትቶ መሣሪያው ያልከዳው፣ የአውታሩ ዓይነት፣ የስፖንጁ ሥራና የእጁ ጉልበት እርስ በርሳቸው ስለ ተጣጣሙ ነው። ከእነዚህ አንዱን ብቻ ነጥሎ መቅዳት የደነዘዘ ድምፅ እንጂ የጀመርሰንን ድምፅ አይሰጥም።

እጁም ራሱን የቻለ ነገር ነበረ። ቀለበትና ትንሽ ጣቶቹን በብረት ክዳኑ ላይ አሳርፎ በቀኝ እጁ አመልካች ጣት ብቻ ይነቅር ነበር፤ ባልደረቦቹም ጣቱን መንጠቆ የሚል ስም አወጡለት። ክፍት አውታሮችን በየመሐሉ እየነካ፣ ግራ እጁ ወደ ሌላ ስፍራ የሚሻገርበትን ጊዜ ያገኝ ነበር፤ ይህንንም የተማረው ከጃዝ ነው። የፎር ቶፕስን የ1967 «በርናዴት» ወይም የስቲቪ ወንደርን የ1968 «ፎር ዋንስ ኢን ማይ ላይፍ» አስተውሎ የሚሰማ ሰው፣ ቤዙ ድምፃዊውን እየተከተለ ብቻ ሳይሆን ከጎኑ ሆኖ ሌላ ዜማ ሲያዜም ያገኘዋል። ድምፆቹ እንደዚያ እየተጣደፉ ሳይደበላለቁ የሚሰሙት አውታሩ አርጅቶ፣ ስፖንጁም አፍኖት እያንዳንዱ ድምፅ ለሚቀጥለው ቦታ ስለሚለቅ ነው። በስቱዲዮ ሲቀዳ በአምፕሊፋየር ፋንታ በአብዛኛው ገመዱን በቀጥታ ወደ ድምፅ ማደባለቂያው ይሰካ ነበር፤ የጊታሩንም የድምፅ መቆጣጠሪያዎች እስከ መጨረሻው ይከፍታቸው ነበር።

ስሙ በሸክላ ልባስ ላይ በግልጽ የታተመው በ1971 ማርቪን ጌይ ባወጣው «ዋትስ ጎይንግ ኦን» አልበም ነው። ስለዚያ ቀረጻ የሚነገረው ታሪክ በሙዚቀኞች ዘንድ የታወቀ ነው። ማርቪን ጌይ የሚፈልገው እሱን ብቻ ስለ ነበር ከአንድ የምሽት ቤት አስፈልጎ አስመጣው፤ ጀመርሰን ግን ከመጠጥ ብዛት ወንበር ላይ መቀመጥ ስላልቻለ በጀርባው ተንጋሎ ተጫወተ። ታሪኩን የሚያወሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ እየሳቁ ነው የሚያወሩት። ከዚያ በኋላ የመጣውን ለሚያውቅ ግን ሳቁ ይከብዳል፤ መጠጡ አስቀድሞም በሕይወቱ ውስጥ ሥር ሰድዶ ነበርና።

በ1972 ሞታውን ዋና መሥሪያ ቤቱን ወደ ሎስ አንጀለስ አዛወረ። ለጓዱ ሙዚቀኞች የእንጀራ ምንጫቸው በድንገት ደረቀ። ጀመርሰንም በ1973 ድርጅቱን ተከትሎ ሄደ፤ ነገር ግን በአዲሱ ከተማ በየስቱዲዮው ለሥራ የሚጠሩ ሌሎች ብዙ ሙዚቀኞች ነበሩ፤ የጆሮም ልማድ ተለውጦ ነበር። ከእንግሊዝ የመጡት በድቡልቡል ሽቦ የተጠቀለሉ አውታሮች ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እየተስፋፉ፣ በአውራ ጣት እየመቱ የመጫወት ዘዴም ፋሽን እየሆነ ሄዶ፣ አዘጋጆች ከቤዝ ጊታር የሚፈልጉት የሚያብለጨልጭ ድምፅ ሆነ። በ1974 አንድ አዘጋጅ ድምፁን ከዘመኑ ጋር ለማስማማት አዲሱን ዓይነት አውታር እንዲገጥም ጠየቀው። ጀመርሰን በትሕትና እምቢ አለ።

በዚህ እምቢታ ላይ የሚሰጠው ፍርድ ከሙያተኛ ሙያተኛ ይለያያል። ደመወዝ የሚከፍል አዘጋጅ የሚፈልገውን ድምፅ ማቅረብ የስቱዲዮ ሙዚቀኛ ግዴታ ነው የሚሉ አሉ፤ አነጋገራቸውም ከንቱ አይደለም፤ ሌሎች የቤዝ ተጫዋቾች በየቀረጻው የተለያዩ ጊታሮች ይዘው በመቅረብ ኑሯቸውን አሸንፈዋል። ነገር ግን ጀመርሰን አውታሩን ቢለውጥ ኖሮ አብሮ የሚለወጠው የጣቱ ሥራ ሁሉ ነበር። ጣቱ፣ ስፖንጁና ያረጀው አውታር በአሥር ዓመት ውስጥ አንድ ሆነው ነበርና፣ የተጠየቀው ነገር ሌላ ተጫዋች እንዲሆን ነበር ለማለት ይቻላል። ሥራው እየቀነሰ፣ መጠጡም እየበረታ ሄደ።

በመጋቢት 1983 በፓሳዴና ከተማ የሞታውን 25ኛ ዓመት በዓል በታላቅ ድምቀት ተከበረ። በበዓሉ ላይ ከተሰሙት ዘፈኖች የብዙዎቹን ቤዝ የፈጠረው ሰው ግን ከተጋበዙት መካከል አልነበረም፤ እንደ ማንኛውም ተመልካች ትኬት ገዝቶ ከሰገነቱ ተቀምጦ አየ። በዚያው ዓመት በበጋው ወራት ፈንክ ማሽን ተሰረቀ። ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ ነሐሴ 2 ቀን 1983፣ ጀመርሰን በሎስ አንጀለስ በ47 ዓመቱ ዐረፈ፤ ለሞት ያበቃው ከመጠጥ የመጣው የጉበት ሕመም ያስከተለው ችግር ነበር። አስከሬኑ ወደ ዲትሮይት ተወስዶ በውድሎውን መካነ መቃብር ተቀበረ።

ምስጋናው ዘግይቶ መጣ። በ1989 ሕይወቱንና የቤዝ ዜማዎቹን በኖታ ያቀረበ መጽሐፍ ታተመ፤ በ2000 ስሙ በሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ከአጃቢ ሙዚቀኞች ጋር ተመዘገበ፤ በ2002 ደግሞ ስለ ፈንክ ብራዘርስ የተዘጋጀው ፊልም ለሕዝብ ታየ። የላ ቤላ ቤትም ከ0.052 እስከ 0.110 ኢንች ያለውን ያንኑ ወፍራም ስብስብ በጀመርሰን ስም አውጥቶ ሸጠ። ገዢው ከእሽጉ አውጥቶ ሲገጥመው አውታሩ ያብረቀርቃል፤ ድምፁም በመጀመሪያው ሳምንት ይጮኻል፤ የቀረውን ሥራ የሚሠሩት ላብና ዓመታት ናቸው።