ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስና የሰበካ ጉባኤ ሥርዐት

ቤተ ክርስቲያን በጸሎትና በሥርዐት ትጠበቃለች። ጸሎት እያለ ሥርዐት የጐደለ እንደ ኾነ ካህኑ ይበተናል፤ ንዋየ ቅድሳቱ ጠባቂ ያጣል፤ ምእመኑም እረኛ እንደሌለው መንጋ ይኾናል። ስለዚህ ቅዱሳን ሐዋርያት በኢየሩሳሌም ስለ ማዕድ አገልግሎት ማጕረምረም በተነሣ ጊዜ ሕዝቡን ሰብስበው ሰባት ዲያቆናትን አስመረጡ፤ እነርሱም በጸሎትና ቃሉን በማስተማር ጸኑ። እኛም ከጎጃም ደጋ ተነሥተው ይህን የሐዋርያት ፈለግ በመከተል የአጥቢያን ቤተ ክርስቲያን አስተዳደር ያቀኑትን፣ የኢትዮጵያን ሁለተኛ ፓትርያርክ የብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስን ሕይወት ለአንባብያን በአጭሩ ለማቅረብ ወደድን።

አባታችን በ1902 ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቀው በደብረ ኤልያስ ተወለዱ፤ ከጵጵስና በፊት ስማቸው መልእክቱ ይባል ነበር። ደብረ ኤልያስ የቅኔ አገር መኾኑን የማያውቅ የቤተ ክርስቲያን ሰው የለም። ከየአገሩ የሚመጣ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኵፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ ቁራሽ ለምኖ ከመምህሩ እግር ሥር ይማራል። ለተማሪው ደመወዝ የሚቈርጥለት ማንም ሳይኖር፣ ያገሩ ባላገር ከገበታው እየከፈለ ሊቃውንትን ለቤተ ክርስቲያን አሳድጎ ሰጥቷል። በዚህ አገር ያደገ ሰው ጕባኤ ቤቱን ያቆመው የምእመናን እጅ መኾኑን ከሕፃንነቱ ያያል።

ከዚያም ወደ አዲስ አበባ ተሻግረው በመንበረ ጸባዖት ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በሊቀ ሥልጣናትነት አገለገሉ። ከግብጽ ቤተ ክርስቲያን ጋር በተደረገው ስምምነት መሠረት ሐምሌ 18 ቀን 1940 ዓ.ም. በካይሮ ጵጵስና ከተቀበሉት አምስት ኢትዮጵያውያን አባቶች አንዱ ኾኑና የሐረርጌ ሀገረ ስብከት ተሰጣቸው። ቀዳማዊው ፓትርያርክ አቡነ ባስልዮስ በጥቅምት ወር 1963 ዓ.ም. ከዐረፉ በኋላም ግንቦት 1 ቀን 1963 ዓ.ም. በመንበረ ፓትርያርክ ተቀመጡ። አቡነ ባስልዮስ በ1951 ዓ.ም. የፓትርያርክነትን ማዕርግ የተቀበሉት በካይሮ ሲኾን፣ አቡነ ቴዎፍሎስ ግን በገዛ አገራቸው፣ በአዲስ አበባ ተሾሙ።

ሥራቸውን በትክክል ለመመዘን በዚያ ዘመን የነበረውን የአጥቢያ አስተዳደር ማስታወስ ያስፈልጋል። በጎጃምም ኾነ በሌላው የሰሜን አገር ደብር በመሬት ይተዳደር ነበር። ቀዳሹ ስለ ቅዳሴው፣ ደብተራው ስለ ማሕሌቱ፣ ገበዙ ስለ ጥበቃው መሬት ይዞ ያገለግላል፤ አለቃውም በኹሉ ላይ ኾኖ ያስተዳድራል። ይህ ሥርዐት ማሕሌቱና ሰዓታቱ እንዳይታጐል ለብዙ ዘመን ስለ ጠበቀ ልናቃልለው አይገባንም። ነገር ግን ሁለት ጕድለት ነበረበት። አንደኛው፣ መሬት የበዛለት ደብር ሲበለጽግ መሬት የሌለው የገጠር ቤተ ክርስቲያን በችግር መኖሩ ነው። ሁለተኛው፣ ምእመኑ ተሳልሞና ስለቱን አግብቶ ከመመለስ በቀር በቤተ ክርስቲያኑ ጕዳይ የምክር ድርሻ ያልነበረው መኾኑ ነው።

አቡነ ቴዎፍሎስ ይህን አይተው በ1965 ዓ.ም. ቃለ ዐዋዲ የተባለውን ደንብ አወጡ። ዐዋዲ ማለት ዐዋጅ ነጋሪ ማለት ነው። በዚህ ደንብ በየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤ ተቋቋመ፤ ካህናትና ምእመናን በአንድነት በምርጫ ገብተው ስለ ቤተ ክርስቲያናቸው እንዲመክሩ ኾነ። ሊቀ መንበሩ የደብሩ አስተዳዳሪ ነው፤ የተመራጮቹም ዘመን ሦስት ዓመት ነው። ጉባኤው ከአጥቢያ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ሀገረ ስብከት፣ ከዚያም ወደ መንበረ ፓትርያርክ እየተያያዘ ይወጣል። ዓላማው ስብከተ ወንጌልን ማስፋፋት፣ የአገልጋዮችን ኑሮ ማሻሻል፣ ቤተ ክርስቲያንንም በገቢዋ ራሷን ማስቻል ነው።

ምእመናን ወደ አስተዳደር ቢገቡ በካህናት ላይ ይሠለጥኑ ይኾንን? ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር ጥያቄው ከንቱ አይደለም። በግብጽ በ1866 ዓ.ም. መጅሊስ ሚሊ የተባለ የምእመናን ሸንጎ ቆሞ ነበር፤ በእርሱና በፓትርያርኩ በአቡነ ቄርሎስ አምስተኛ መካከል የተነሣው ጠብ እየከረረ ሄዶ በ1884 ዓ.ም. ፓትርያርኩን ወደ ገዳም እስከ ማሰደድ ደረሰ። የእኛ ሰበካ ጉባኤ ግን ካህኑንና ምእመኑን በአንድ ጉባኤ ስለሚያስቀምጥና ሰብሳቢነቱን ለአስተዳዳሪው ስለሚሰጥ፣ ሁለት ሸንጎ ፊት ለፊት የሚቆምበትን በር ዘግቷል። ምእመኑ ይመክራል፣ ይሰጣል፣ ሒሳቡንም ይመረምራል፤ ክህነቱ ግን ለካህኑ ይጠበቃል።

ደንቡ ከወጣ ሁለት ዓመት ያህል ብቻ እንዳለፈ ታላቅ መከራ መጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ኹሉ የሕዝብ ሀብት እንዲኾን በታወጀ ጊዜ፣ አብያተ ክርስቲያናት ከጥንት ጀምሮ ይተዳደሩበት የነበረውን መሬት በአንድ ቀን ዐዋጅ አጡ። ካህኑ እርሻውን ትቶ እንዳይሄድ፣ መቅደሱም እንዳይዘጋ የሚያሠጋ ጊዜ ነበር። በዚህ ጊዜ ያ ሰበካ ጉባኤ አስቀድሞ የተሠራ መጠጊያ ኾኖ ተገኘ። የከተማው ምእመን ከደመወዙ፣ የገጠሩም ከአዝመራው አዋጥቶ አገልጋዩን ደገፈ።

አባታችን ግን የድካማቸውን ፍሬ ተቀምጠው ሊያዩ አልታደሉም። የደርግ መንግሥት ያለ ፈቃድ ሦስት ጳጳሳትን ሾሙ የሚል ምክንያት አቅርቦ በየካቲት ወር 1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው አውርዶ አሠራቸው፤ በ1971 ዓ.ም. ያለ ፍርድ በሥውር ገደላቸው። ዐፅማቸው የተገኘው መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ሲኾን፣ በአዲስ አበባ በጎፋ ቅዱስ ገብርኤል ቤተ ክርስቲያን በክብር ዐርፏል። መሬቱ ተወሰደ፤ ፓትርያርኩም ተገደሉ፤ በየአጥቢያው ያቆሙት ጉባኤ ግን እስከ ዛሬ አለ።

እንግዲህ ይህን ታሪክ ስናነብ ራሳችንን መመርመር ይገባናል። ገንዘብ ለመሰብሰብ ብቻ የሚጠራ፣ ሒሳቡን ለሕዝብ የማያስነብብ፣ ወንጌል ስለ መስበክና ስለ ጕባኤ ቤት ተማሪ የማይመክር ሰበካ ጉባኤ ስሙን እንጂ የአባታችንን ዐሳብ አልያዘም። የደብር አለቆች ሆይ፣ ምእመናንን ለመዋጮ ብቻ ሳይኾን ለምክርም ጥሯቸው። የተመረጣችሁ ምእመናንም ምርጫችሁ ለአገልግሎት እንጂ ለሹመት አለመኾኑን ዕወቁ። በደብረ ኤልያስም ኾነ በሌላው የጎጃም ደብር ዛሬ ቁራሽ እየለመነ የሚማረውን ተማሪ የሚያስብ ሰበካ ጉባኤ ቢገኝ፣ የነገውን መምህርና የነገውን ጳጳስ ያሳድጋል።

የአባታችን የአቡነ ቴዎፍሎስ በረከት በኹላችን ላይ ይደርብን፤ አሜን።