ካሮላይን ሃስሌት

ዴም ካሮላይን ሃስሌት (ኦገስት 17 ቀን 1895 – ጃንዋሪ 4 ቀን 1957 እ.ኤ.አ.) እንግሊዛዊት የኤሌክትሪክ መሐንዲስና የኃይል ኢንዱስትሪ መሪ ነበሩ። የሴቶች መሐንዲሶች ማኅበር የመጀመሪያዋ ጸሐፊ፣ የሴቶች ኤሌክትሪክ ማኅበር የመጀመሪያዋ ዳይሬክተር፣ እንዲሁም የብሪታንያ ኤሌክትሪክ ባለሥልጣን የመጀመሪያዋ ሴት የቦርድ አባል ሆነው ሠርተዋል። በዘመናቸው የኃይል ማመንጫና የማከፋፈያ ድርጅቶች አመራር የወንዶች ብቻ ሆኖ ቆይቶ ነበር። ሃስሌት ወደዚያ የደረሱት ኤሌክትሪክን በየቤቱ የሚጠቀሙትን ሴቶች አደራጅተው ድምፃቸው በኢንዱስትሪው ውስጥ እንዲሰማ በማድረግ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት ዘመን

ሃስሌት በደቡብ እንግሊዝ በሰሴክስ ውስጥ ዎርዝ በተባለ ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው ሮበርት ሃስሌት የባቡር ሐዲድ ምልክት መሣሪያዎችን የሚገጥሙ ባለሙያ ሲሆኑ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበራት እንቅስቃሴም ይሳተፉ ነበር። ካሮላይን በሄይዋርድስ ሂዝ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ከተከታተሉ በኋላ ለንደን ሄደው የጽሕፈትና የቢሮ ሥራ ሠለጠኑ። በዚያው ጊዜ ለሴቶች የመምረጥ መብት ይታገል በነበረው የሴቶች ማኅበራዊና ፖለቲካዊ ኅብረት ውስጥ አባል ሆኑ።

ከጽሕፈት ሥራ ወደ ፋብሪካ

የመጀመሪያ ሥራቸው ኮክራን በተባለው የቦይለር አምራች ኩባንያ የለንደን ቢሮ ነበር። ቦይለር ውኃን አፍልቶ ለሞተሮችና ለፋብሪካዎች እንፋሎት የሚያመነጭ ትልቅ ጋን ነው። በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሥቶ ወንዶች ወደ ግንባር ሲዘምቱ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ለሴቶች ተዘግተው የነበሩ ቦታዎች ተከፈቱ። ሃስሌትም ከበታች ጸሐፊነት ተነሥተው የለንደኑን ቢሮ እስከ መምራት ደረሱ።

ይሁን እንጂ ኩባንያው የሚሸጠውን ዕቃ አሠራር ሳያውቁ ወረቀት ማገላበጡ አላረካቸውም። ስለዚህ ወደ ፋብሪካው እንዲዛወሩ ጠይቀው፣ በስኮትላንድ አናን ከተማ በሚገኘው የኩባንያው ወርክሾፕ የአጠቃላይና የኤሌክትሪክ ምህንድስና ተማሩ።

የሴቶች መሐንዲሶች ማኅበር

ጦርነቱ ሲያበቃ የተከፈተው በር መልሶ ተዘጋ። በ1919 የወጣው የቅድመ ጦርነት አሠራርን የሚመልሰው ሕግ፣ በጦርነቱ ጊዜ የገቡትን ሴቶች ከፋብሪካ አስወጥቶ ቦታውን ለተመላሽ ወንዶች የሚያስረክብ ነበር። ይህን ለመቋቋም ጁን 23 ቀን 1919 የሴቶች መሐንዲሶች ማኅበር ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ መካከል ሌዲ ካትሪን ፓርሰንስና ልጃቸው ሬቸል ፓርሰንስ ይገኙበታል። የሌዲ ፓርሰንስ ባለቤት ቻርልስ ፓርሰንስ በኃይል ማመንጫዎች የሚያገለግለውን የእንፋሎት ተርባይን የፈለሰፉት መሐንዲስ ናቸው።

ሃስሌት የማኅበሩ የመጀመሪያዋ ጸሐፊ ሆነው ተቀጠሩ። የማኅበሩን መጽሔትም እስከ 1932 ድረስ በአዘጋጅነት መርተዋል። ሥራቸው ለወጣት ሴቶች የሥልጠና ቦታ መፈለግን፣ ከቀጣሪዎች ጋር መደራደርን፣ ከመንግሥት ጋር መጻጻፍንና በየከተማው ንግግር ማድረግን ያካትት ነበር። ታዋቂዋ አብራሪ ኤሚ ጆንሰን ከ1935 እስከ 1937 የማኅበሩ ፕሬዚዳንት ነበሩ።

የሌሊት ሥራ ክልከላ

ማኅበሩን ካጋጠሙት ችግሮች ሁሉ የኃይል ኢንዱስትሪውን በቀጥታ የነካው የሌሊት ሥራ ክልከላ ነው። በ1919 በዋሽንግተን የተካሄደው ዓለም አቀፍ የሥራ ጉባኤ ሴቶች በኢንዱስትሪ ተቋማት በሌሊት እንዳይሠሩ የሚከለክል ስምምነት አጸደቀ። ዓላማው ሠራተኛ ሴቶችን ከብዝበዛ መጠበቅ ነበር። ነገር ግን ስምምነቱ ኤሌክትሪክ ማመንጨትንና ማስተላለፍን በስም ጠቅሶ ከተከለከሉት ሥራዎች ጋር አስገብቷል።

ኃይል ማመንጫ ቀንና ሌሊት የሚሠራ ተቋም ነው። በሌሊት ተረኛ መሆን የማይፈቀድለት መሐንዲስ ደግሞ ለጣቢያ ኃላፊነት ሊታጭ አይችልም። ስለዚህ ለደካሞች ከለላ ተብሎ የወጣው ደንብ የተማረችውን ሴት ከኃላፊነት የሚያግድ አጥር ሆነ። በእንግሊዝ ገጠሮች የኤሌክትሪክ አገልግሎት ይዘረጉ ለነበሩትና የሃስሌት ወዳጅ ለነበሩት መሐንዲስ ማርጋሬት ፓርትሪጅ ጉዳዩ የዕለት ተዕለት ችግር ነበር።

ሃስሌትና ማኅበራቸው ደንቡ እንዲሻሻል ተሟገቱ። በ1932 ዓለም አቀፉ ቋሚ ፍርድ ቤት ክልከላው በኃላፊነት ቦታ ያሉ ሴቶችንም እንደሚመለከት በ6 ለ5 ድምፅ አስተያየት ሰጠ። ችግሩ በትርጉም እንደማይፈታ ስለታወቀ ስምምነቱ በ1934 ተሻሽሎ፣ የእጅ ሥራ የማይሠሩ የአመራር ሴቶች ከክልከላው ነፃ ሆኑ።

የሴቶች ኤሌክትሪክ ማኅበር

በ1920ዎቹ መጀመሪያ አብዛኛው የብሪታንያ ቤት ኤሌክትሪክ አልነበረውም። የቤት እመቤቶችና ሠራተኞቻቸው ከሰል ይሸከሙ፣ አመድ ያወጡ፣ ልብስ በእጃቸው ያጥቡ፣ ካውያ በምድጃ ላይ ያግሉ ነበር። መሐንዲሷ ሜብል ማቲውስ ኤሌክትሪክን ለሴቶች የማስተዋወቅ ዕቅድ አዘጋጅተው ለኤሌክትሪክ መሐንዲሶች ተቋምና ለኢንዱስትሪው የማስፋፊያ ማኅበር ቢያቀርቡም ተቀባይነት አላገኙም። ሃስሌት ግን ሐሳቡን ወዲያው ተቀበሉት። ኖቬምበር 12 ቀን 1924 በሌዲ ፓርሰንስ ቤት በተደረገ ስብሰባ የሴቶች ኤሌክትሪክ ማኅበር ተመሠረተ። የምክር ቤት አባሏ ሌዲ አስተር የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፣ ሃስሌት ዳይሬክተር ሆነው እስከ 1956 መሩት።

ማኅበሩ ሁለት አቅጣጫ ያለው ሥራ ነበረው። በአንድ በኩል ሴቶችን ያስተምር ነበር። አባላቱ ፊውዝ መቀየርን፣ የፍጆታ ሂሳብ ማንበብን፣ ከአደጋ መጠንቀቅን ተማሩ። በ1934 ለሴቶች የተዘጋጀ የኤሌክትሪክ መመሪያ መጽሐፍ ታተመ። በ1935 ደግሞ በብሪስቶል ከተማ ሥራው ሁሉ በኤሌክትሪክ የሚከናወንበት ቤት ተሠርቶ ለሕዝብ ታየ። በሌላ በኩል ማኅበሩ ከሴቶች የሰማውን ለኢንዱስትሪው ያደርስ ነበር። ሶኬት በየትኛው ከፍታ ይተከል፣ ምድጃው እንዴት ቢሠራ ለማጽዳት ይመቻል፣ ታሪፉ ለድሃ ቤተሰብ እንዴት ይቅለል የሚሉት ጥያቄዎች ከዚህ በፊት ለአምራቾቹ የሚያቀርብላቸው አልነበረም። በ1950ዎቹ አጋማሽ ማኅበሩ 90 ቅርንጫፎችና ከ10,000 በላይ አባላት ነበሩት።

የሃስሌት ተሰሚነትም በዚያው መጠን አደገ። በ1930 በርሊን ላይ በተካሄደው የዓለም ኃይል ጉባኤ ብቸኛዋ ሴት ልዑክ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ሲ.ቢ.ኢ. የተባለውን የክብር ኒሻን ተቀበሉ።

የሶኬት ደረጃ

ከ1940ዎቹ በፊት በብሪታንያ የተለያየ መጠንና ቅርጽ ያላቸው ሶኬቶች ስለነበሩ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው የሚዛወር ሰው ዕቃዎቹን መሰካት ይቸግረው ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ በ1942፣ ከጦርነቱ በኋላ ለሚሠሩ ቤቶች የኤሌክትሪክ ዝርጋታ የሚያጠና 20 አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ። ከ20ዎቹ ውስጥ ሴት ሃስሌት ብቻ ነበሩ።

ኮሚቴው በ1944 ባወጣው ዘገባ ላይ ለሕፃናት ደኅንነት ሲባል የሶኬት ቀዳዳዎች መከለያ እንዲኖራቸው አሳሰበ። በ1947 የወጣው ቢ.ኤስ. 1363 የተባለው ደረጃ ይህን ተግባራዊ አደረገ። በዚህ ደረጃ መሠረት ረዥሙ የመሬት መስመር እግር መጀመሪያ ገብቶ መከለያውን ካልከፈተ በስተቀር ኤሌክትሪክ ያለባቸው ቀዳዳዎች ተዘግተው ይቆያሉ። በፕለጉም ውስጥ ፊውዝ አለ። ይህ ባለ ሦስት እግር ሶኬት እስከ ዛሬ በብሪታንያና በሌሎች በርካታ አገሮች ይሠራበታል።

በኤሌክትሪክ ባለሥልጣኑ ቦርድ

በ1947 የብሪታንያ ፓርላማ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ወደ መንግሥት እንዲዛወር ደነገገ። ከኤፕሪል 1 ቀን 1948 ጀምሮ በኩባንያዎችና በከተማ አስተዳደሮች እጅ የነበሩ ከ500 በላይ ድርጅቶች በአንድ ሥርዓት ሥር ገቡ። ኃይል የማመንጨቱንና ፖሊሲ የማውጣቱን ኃላፊነት የብሪታንያ ኤሌክትሪክ ባለሥልጣን ተረከበ። ሊቀ መንበሩ የቀድሞው የሠራተኛ ማኅበራት መሪ ሎርድ ሲትሪን ነበሩ። ሃስሌት በ1947 በቦርድ አባልነት ተሾሙ፤ በዚያው ዓመትም ዴም የሚለውን የማዕረግ ስም አገኙ። ባለሥልጣኑ በ1950 ለኃይል ማመንጫዎች የድንጋይ ከሰል ከምታጓጉዝ መርከቦቹ አንዷን በስማቸው ሰየመ።

በ1950 የዓለም አቀፉ የንግድና የሙያ ሴቶች ፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ከዚህም ሌላ በትውልድ አካባቢያቸው የክሮውሊን አዲስ ከተማ በሚገነባው ድርጅት ውስጥ አገልግለዋል።

ግምገማ

ሃስሌት ኤሌክትሪክ የሴቶችን የቤት ውስጥ ድካም አቅልሎ ለትምህርት፣ ለሥራና ለአደባባይ ሕይወት ጊዜ ይሰጣል ብለው ያምኑ ነበር። ይህ አመለካከት ከትችት አላመለጠም። ኢንዱስትሪው ሴትን በደንበኛነት እንጂ በባለሙያነት እንዳይመለከት አድርጓል፣ የቤት ሥራም የሴት ግዴታ ነው የሚለውን ልማድ አልነካም የሚሉ አሉ። በእርግጥም የሴቶች ኤሌክትሪክ ማኅበር ብዙ ሺህ አባላት ሲያፈራ፣ በኃይል ማመንጫዎች ውስጥ የሚሠሩ ሴት መሐንዲሶች ጥቂት ሆነው ቆይተዋል። ሆኖም ሁለቱን ማኅበራት ጎን ለጎን መምራታቸው፣ ተጠቃሚዋንም ባለሙያዋንም እንዳልዘነጉ ያሳያል። ወደ ቦርዱ ሲገቡም በፋብሪካ ያገኙት ዕውቀትና ከሴቶች የሰሙት አቤቱታ አብረዋቸው ነበሩ።

የመጨረሻ ዓመታትና መታሰቢያ

ጤናቸው እየታወከ ስለመጣ በ1956 ሥራቸውን ለቀው በሰፎክ፣ በንጌ ከተማ ወደሚኖሩት እኅታቸው ዘንድ ሄዱ። ጃንዋሪ 4 ቀን 1957 በልብ ሕመም በ61 ዓመታቸው አረፉ። በኑዛዜያቸው መሠረት አስከሬናቸው በኤሌክትሪክ ምድጃ እንዲቃጠል ተደረገ።

የሴቶች ኤሌክትሪክ ማኅበር በ1986 ሥራውን አቁሟል። የሴቶች መሐንዲሶች ማኅበር ግን አሁንም አለ፤ የተመሠረተበት ጁን 23 ቀንም ዓለም አቀፍ የሴቶች የምህንድስና ቀን ሆኖ ይከበራል። በክሮውሊ አንድ ዋና ጎዳና፣ በሚልተን ኪንስ ከተማ ደግሞ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሃስሌት ስም ይጠራሉ።