ክርስቲያን ቦርና የእስትንፋስ ምርምር

በእንጅባራ አቅራቢያ በሚገኘው በዘንገና ሐይቅ ዳር ቆማችሁ፣ በዛፍ የተሸፈነውን ዳገት በሩጫ ወጣችሁ እንበል። ሥፍራው ከባሕር ጠለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ስላለው፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ትንፋሻችሁ ይፈጥናል፤ የእግራችሁ ጡንቻም ዐርፎ ከነበረበት ጊዜ እጅግ የበለጠ ኦክሲጅን ይሻል። ታዲያ ደም ኦክሲጅኑን ለሚሠራው ጡንቻ አብልጦ የሚሰጠው በምን ምክንያት ነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ካስገኙት ሊቃውንት አንዱ ክርስቲያን ቦር ነው።

ቦር እ.ኤ.አ. በ1855 ዓ.ም. በዴንማርክ ዋና ከተማ በኮፐንሃገን ተወለደ። ሕክምና ከተማረ በኋላ ወደ ጀርመን አገር ሄዶ፣ በላይፕሲግ ከተማ ከታወቀው የፊዚዮሎጂ ሊቅ ከካርል ሉድቪግ ዘንድ ሠለጠነ። ወደ አገሩ ተመልሶም በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ሆነ።

በ1904 ቦር ከባልደረቦቹ ከካርል ሃሰልባልክና ከአውጉስት ክሮግ ጋር የውሻ ደም መረመረ። በደሙ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛ፣ ደሙ ኦክሲጅን የመያዝ ኃይሉ እንደሚቀንስ አረጋገጡ። ኦክሲጅንን የሚሸከመው በቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን የተባለው ፕሮቲን ነው። የሚሠራ ጡንቻ ካርቦን ዳይኦክሳይድና አሲድ ያወጣል። ከነዚህ የሚመጡት ቅንጣቶች ኦክሲጅን ከሚያዝበት ሥፍራ በተለየ ቦታ በሄሞግሎቢን ላይ ሲጣበቁ፣ የፕሮቲኑ ቅርጽ ይለወጣል፤ ኦክሲጅኑንም ይለቃል። በሳንባ ውስጥ ግን ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከትንፋሽ ጋር ስለሚወጣ ፕሮቲኑ እንደገና ኦክሲጅን ይይዛል። የቅርጹ ለውጥ የተገለጠው ቦር ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በሕዋሳት ውስጥ ያሉ ሌሎች ብዙ ፕሮቲኖችም ሥራቸው የሚፈጥነውና የሚገታው በሚጣበቁባቸው ሞለኪውሎች መሆኑ ዛሬ ታውቋል።

ይሁን እንጂ ቦር በሌላ ጉዳይ ተሳስቶ ነበር። ሳንባ እንደ ዕጢ እየሠራ ኦክሲጅንን ወደ ደም ይገፋል ብሎ ያምንና ያስተምር ነበር። በቤተ ሙከራው ለዓመታት በረዳትነት ያገለገለው ክሮግ፣ ከባለቤቱ ከማሪ ጋር ጉዳዩን በጥንቃቄ መረመረ። ኦክሲጅን ብዙ ካለበት ጥቂት ወዳለበት በራሱ እንደሚያልፍም አረጋገጠ። መምህሩን መቃወም ቀላል አልነበረም፤ ቢሆንም ውጤቱን በ1910 አሳተመ።

ቦር በ1911 በ55 ዓመቱ ዐረፈ። ክሮግ በ1920፣ የቦር ልጅ የፊዚክስ ሊቁ ኒልስ ደግሞ በ1922 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የ1904ቱ ግኝት ግን እስከ ዛሬ በአባትየው ስም ይጠራል።

እንግዲህ የዘንገናን ዳገት ወጥታችሁ ቆም ስትሉ ይህን አስቡ። በሳንባችሁ ውስጥ የሚሆነው ተማሪው እንዳረመው፣ በእግራችሁ ጡንቻ ውስጥ የሚሆነው ደግሞ መምህሩ እንዳገኘው ነው።