የዓባይን ምንጭ የለካው መንገደኛ

በአራዳ የራስ መኮንንን ድልድይ ዘወትር የምንሻገር ባለሙያዎች ከበታቻችን የሚያልፈው ውሃ ከእንጦጦ ተራራ እንደሚወርድ እናውቃለን፤ ሽቅብ ተከትለን ምንጩን ያየን ግን ጥቂቶች ነን። ስለዚህ ለአንድ ወንዝ ምንጭ ሲል ብዙ ዓመታት የደከመውን የጄምስ ብሩስን ሕይወት ማውሳት ለሙያችን ተገቢ ይሆናል።

ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1730 በስኮትላንድ ኪኔርድ በተባለ ስፍራ ተወለደ። በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ካገለገለ በኋላ በ1769 በምጽዋ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ሊማሊሞን ወጥቶ ሳለ አሽከሮቹ ከሚቀቅሉት የፍየል ሥጋ ሊነጥቅ የወረደውን ታላቅ አሞራ ተኩሶ ጣለና ክንፉን ለካ፤ መልኩንም መዘገበ። በ1770 ጎንደር እንደ ደረሰ በቁስቋም የፈንጣጣ ሕሙማንን በማከሙ የእቴጌ ምንትዋብንና የልጃቸውን የወይዘሮ አስቴርን ወዳጅነት አተረፈ።

በዚያው ዓመት፣ ኖቬምበር 4 ቀን፣ ሰከላ ውስጥ ከግሽ ተራራ ሥር ካለው ምንጭ ደረሰ። አገሬው አገዎች ምንጩን እንደ ቅዱስ ስፍራ ያከብሩት ስለ ነበር ጫማውን አውልቆ ቀረበ። ደስታው ግን ብዙ አልቆየም፤ ወዲያው ኀዘን ተጫነው። ቢሆንም መሣሪያዎቹን ተክሎ ኬክሮሱ 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ከ25 ሴኮንድ መሆኑን አሰላ። ይህም ከዛሬው ልኬት እምብዛም አይርቅም።

በ1774 ለንደን ሲመለስ የተናገረውን ብዙዎች ተረት ነው ብለው ሳቁበት። ቅር ተሰኝቶ ወደ ርስቱ ተመለሰና መጽሐፉን በአምስት ቅጽ ያሳተመው በ1790 ነው። አምስተኛው ቅጽ ስለ እንስሳትና ዕፅዋት የሚናገር ሲሆን እርኩም ከተገለጹት አእዋፍ አንዱ ነው። በዚያ ዋልያ ተብላ የተመዘገበችው አረንጓዴ ርግብ ዛሬም በሳይንሳዊ ስሟ ይህንኑ ቃል ይዛ ትገኛለች። ብሩስ በ1794 እንግዳ ሊሸኝ ሲወርድ ከቤቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ።

ይሁን እንጂ ሥራው እንከን አለበት። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 ያንኑ ምንጭ አይቶ ጽፎ ሳለ፣ ብሩስ ቀዳሚነቱን ለራሱ ለማድረግ ሲል ይህን ካደ። አገዎቹ ደግሞ ከሁለቱም በፊት በምንጩ ዳር ይኖሩ ነበር። ከዚህም የሚብሰው በባልደረባው በጣሊያናዊው ሠዓሊ በሉዊጂ ባሉጋኒ ላይ የፈጸመው ነው። ባሉጋኒ ወፎቹንና ዕፅዋቱን በብርቱ ጥንቃቄ ሥሎ፣ እስከ ግሽ አብሮት ተጉዞ፣ በ1771 ጎንደር ላይ አረፈ። ብሩስ ግን ከምንጩ አብሮት መድረሱን አልጻፈም፤ የሥዕሎቹንም ባለቤትነት ለራሱ አደረገ።

የተሳለቁበት ሰዎች ካለፉ በኋላ ልኬቱና የወፎቹ መግለጫ እውነት ሆነው ተገኙ፤ የቀዳሚነት ትምክሕቱ ግን ፈረሰ። እኛም በየፕላናችን ግርጌ ስማችንን ስንጽፍ፣ አብሮን የለካውንና የነደፈውን ባልደረባ ስም እንዳንዘነጋ የብሩስ ታሪክ ያሳስበናል።